ከሰልፉ በኋላ የሚቀረው ወረቀት



በሥራችን ከወጣቶች ጋር ስንቀመጥ አንድ ነገር ደጋግመን እንሰማለን። «ወላጆቻችን እኮ ዝም ብለው ነው የኖሩት። መናገር የጀመርነው እኛ ነን» ይሉናል። ለእነሱ ታሪኩ የሚጀምረው በ2015 ሆሎን ከተማ ፖሊስ አንዱን ልጃችንን፣ የወታደር ልብስ እንደለበሰ፣ ሲመታ ከታየበት ቪዲዮ ነው። ለታናናሾቻቸው ደግሞ በ2019 ከሰሎሞን ተካ ሞት ይጀምራል። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ አንገት መድፋት ብቻ ይመስላቸዋል።

እኛ በልጅነታችን መጥተን ዛሬ አርባውን ያለፍን፣ በሙያም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች የሆንን፣ በሁለቱ ትውልዶች መካከል ነው የቆምነው። የወላጆቻችንን ሰልፍ በልጅ ዓይን አይተናል። የልጆቹን ሰልፍ ደግሞ በማግስቱ ቢሯችን ከሚመጡት እናቶች ፊት ላይ አንብበናል። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን በተርታ ማስቀመጥ ፈለግን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስንቆጥር ግን ሰልፉን ብቻ አንቁጠር። ከእያንዳንዱ ሰልፍ በኋላ ምን ተጻፈ? የተጻፈውንስ ማን ተከታተለው? ብለን እንጠይቅ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ የለ? የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ እዚች ተረት ውስጥ አለ።

ከእኛ በፊት በዚህ አገር የጮኹ

በእስራኤል ፖሊስና የተገፋ ሰፈር የተጋጩት እኛ ከመምጣታችን ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በጁላይ 1959 ሃይፋ ውስጥ ዋዲ ሳሊብ በሚባል፣ አብዛኞቹ ከሞሮኮ የመጡ ድሆች በሚኖሩበት ሰፈር፣ በተነሣ ግርግር አንድ ፖሊስ ተኩሶ አንድ ነዋሪ አቆሰለ። ሰውዬው ሞተ የሚል ወሬ ተናፈሰና ሰፈሩ በሙሉ ተነሣ። መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። የተቃውሞው መሪ ዳቪድ ቤን ሃሩሽ ግን እስር ቤት ገባ።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ የኢየሩሳሌሙ ሙስራራ ሰፈር ልጆች ተነሡ። እነሱም ወላጆቻቸው በአብዛኛው ከሞሮኮና ከሌሎች የአረብ አገሮች የመጡ ነበሩ። ለራሳቸው የሰጡት ስም «ሃፓንተሪም ሃሽሖሪም»፣ ጥቁር ግስላዎች፣ የሚል ነው። ስሙን የወሰዱት በአሜሪካ ከነበረው የጥቁሮች ድርጅት ነው። ይህን ልብ በሉት። የአሜሪካ ጥቁሮች ትግል ወደዚህ አገር የገባው በእኛ ቆዳ አይደለም፤ ከእኛ በፊት በእነዚህ ልጆች አፍ ገብቷል። ፖሊስ የመጀመሪያ ሰልፋቸው ገና ሳይካሄድ መሪዎቹን ሰብስቦ አሰረ። በኤፕሪል ጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየር ተቀብለው አነጋገሯቸው። ጥሩ ልጆች አይደሉም ማለታቸው ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በሜይ ወር ሌላ ትልቅ ሰልፍ ተደርጎ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ ብዙዎችም ታሰሩ።

ከዚያስ? በቢቱዋሕ ሌኡሚው ዳይሬክተር በእስራኤል ካትስ የሚመራ የተቸገሩ ልጆችና ወጣቶች ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በ1973 ሪፖርቱን አቀረበ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የዮም ኪፑር ጦርነት ፈነዳና የአገሩ ሁሉ ልብ ወደ ጦርነቱ ዞረ።

እንግዲህ መንገዱ ያኔውኑ ተቀይሷል። ግጭት፣ ቁጣ፣ ኮሚቴ፣ ወረቀት፣ ከዚያ ዝምታ። እኛ ስንመጣ ይህን ማንም አልነገረንም።

1985፦ የራባኑቱ ደጅ

በዘመቻ ሙሴ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ፣ ወደ 8,000 የሚጠጋ ወገናችን ከሱዳን መጣ። በሱዳን መንገድና በመጠለያ ሠፈሮቹ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችንን ቀብረናል። እንዲህ ሆኖ የመጣውን ሕዝብ ራባኑቱ «ለማግባት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በሚቅዌ ንከሩ» አለው። ይሁዲነታችሁ ያጠራጥራል ማለት ነው። አገሩ ግን በ1975 በመመለስ ሕግ መሠረት ይሁዲነታችንን ተቀብሎ ጨርሶ ነበር።

እስቲ እነዚያን ሰዎች አስቧቸው። አገሩን ካዩ ዓመት አልሞላቸውም። ዕብራይስጥ አያውቁም። የሚኖሩት መርከዝ ክሊታ ነው፤ ቤቱም፣ ምግቡም፣ ትምህርቱም በመንግሥት እጅ ነው። ግማሹ ቤተሰባቸው ገና ኢትዮጵያ ቀርቷል። በእኛ ባህል ደግሞ እንግዳ በመጣበት ቤት ድምፁን ከፍ አያደርግም። በ1985 መከር ግን ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣ እናቶች ሕፃናት አዝለው፣ ኢየሩሳሌም ኪንግ ጆርጅ መንገድ ላይ ከራባኑቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለአንድ ወር ያህል ከዚያ አልተነሡም። የአዲሱ ዓመት በዓልም ዮም ኪፑርም እዚያው ደረሰባቸው።

ድንጋይ አልተወረወረም፤ መኪና አልተቃጠለም። ዝም አሉ የተባሉት ወላጆቻችን እነዚህ ናቸው።

የተቀመጡት ከጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ ጋር በተደረገ ስምምነት ተነሡ። ስምምነቱ ግን ጉዳዩን አልጨረሰውም። ራባኑቱ በአንድ መንገድ ሲተረጉመው የእኛ ሰዎች በሌላ መንገድ ተረጎሙት። በኋላ መውጫ የተገኘው በናታንያው ዋና ራቢ በዳቪድ ሸሉሽ በኩል ነው። ሳይነከሩ ማግባት የሚፈልጉ ጥንዶች ጋብቻቸውን እሳቸው ዘንድ ማስመዝገብ ቻሉ። ይህ ሙሉ ድል አልነበረም። አንድ ሰው በሌላ ከተማ የሚኖር ቢሆንም ለጋብቻው ናታንያ ድረስ መሄድ ነበረበት። ቢሆንም ከወር መቀመጥና ከዓመታት ክርክር በኋላ በእጅ የሚያዝ ነገር ተገኘ፤ የጋብቻ ወረቀት።

1996፦ ደማችን

ጃንዋሪ 24 ቀን 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ አንድ ወሬ አወጣ። ማጌን ዳቪድ አዶም ለዓመታት የእኛን ሰዎች ደም ሲቀበል ኖሮ፣ ኤድስ ይኖርበታል በሚል ፍራቻ፣ ለባለቤቱ ሳይነግር ሲደፋው እንደነበር ሕዝብ ዐወቀ። ነገሩ ይህ ነው። «ደምህን አንቀበልም» ቢሉን አንድ ነገር ነበር። እነሱ ግን ወታደር ልጃችን ክንዱን ዘርግቶ ሲሰጥ «አመሰግናለሁ» ብለው ተቀብለው፣ ዞር ሲል ደፉት።

ከአራት ቀን በኋላ፣ እሑድ ጃንዋሪ 28፣ ሚኒስትሮቹ ለስብሰባ ሲቀመጡ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ቆመ። ፖሊስ በአስለቃሽ ጋዝና በውኃ መድፍ መለሰው፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ተጎዳ። በ1985 የተቀመጡት በ1996 ቆሙ ማለት ነው። በመካከላቸው ደግሞ በልጅነት የመጡ፣ ዕብራይስጥ የሚናገሩ፣ ሠራዊቱን የጨረሱ ወጣቶች ነበሩ።

መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው መረመረ፣ ጻፈ፣ አስረከበ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን ነገሩ የተዘጋ መሰለን። በዲሴምበር 2013 ግን ክኔሴት ውስጥ ደም ሲሰበሰብ የፓርላማ አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ ልትሰጥ ቀረበች። በሦስት ዓመቷ ነበር የመጣችው። በጤና ሚኒስቴር መመሪያ ምክንያት ደሟ እንደማይፈለግ ተነገራት። ከ1996 እስከ 2013 ድረስ 17 ዓመት ነው። መመሪያው ቃሉን ቢለዋውጥም፣ በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ በሕይወት ቆይቷል። እኛ ደግሞ ሰልፉን ስናስታውስ ወረቀቱን ረስተነዋል።

2015፦ ሆሎን፣ ባልቲሞርና ሰልማ

ከ1996 በኋላ ነገሩ ከደም ወደ ጎዳና ዞረ። እዚህ ያደጉት ልጆች ከፖሊስ ጋር የሚገናኙት ምሽት ላይ፣ በአግዳሚ ወንበር፣ በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በሰፈር መናፈሻ ሆነ። «ቴዑዳት ዜሁት አምጣ» ከሚል ቃል ይጀምራል። ልጁ «ለምን?» ይላል። ድምፅ ከፍ ይላል። መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ልጁ ምን ሠርቶ እንደተጠየቀ አይደለም፤ «ፖሊስ ሰደበ፣ ሥራ አደናቀፈ» የሚል ነው። ሌላ ወንጀል የለውም። ወንጀሉ የተወለደው ከጥያቄው በኋላ ነው።

ኤፕሪል 26 ቀን 2015 ሆሎን ላይ ዳማስ ፓካዳ በካሜራ ባይቀረጽ ኖሮ የእሱም ታሪክ እንደዚሁ በተጻፈ ነበር። ቪዲዮው በወጣ በአራተኛው ቀን ኢየሩሳሌም፣ ሜይ 3 ደግሞ ቴል አቪቭ ላይ ሕዝቡ ወጣ። የአያሎን መንገድ ተዘጋ፤ ራቢን አደባባይ በድንጋጤ ቦምብና በአስለቃሽ ጋዝ ታፈነ። ፕሬዚዳንት ሬውቬን ሪቭሊን ሰልፉ በኅብረተሰባችን ልብ ውስጥ ያለ የሚደማ ቁስል ገለጠ አሉ። የመታው ፖሊስ ግን በፍርድ ቤት አልተከሰሰም፤ ፋይሉ ተዘጋ።

በዚያው ሳምንት በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ፍሬዲ ግሬይ የተባለ የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት በፖሊስ እጅ እያለ በደረሰበት ጉዳት ሞቶ ከተማው ይናጥ ነበር። ጋዜጦች ሁለቱን ጎን ለጎን አወጧቸው። ልጆቻችንም ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግና ስለ ሮዛ ፓርክስ ማውራት ጀመሩ። ደስ ይላል። ነገር ግን ከዚያ ታሪክ የሚነገረን ብዙ ጊዜ ምስሉ ብቻ ነው፤ ድልድዩ፣ ዱላውና ንግግሩ። ስለዚህ አንዱን ታሪክ፣ የሰልማን፣ እስከ መጨረሻው እንከተለው።

ሰልማ በአላባማ ግዛት ያለች ከተማ ናት። በአካባቢው ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁሮች ውስጥ የተመዘገቡት ከመቶ ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው። አሚሊያ ቦይንተን የምትባል ሴት ከ1930ዎቹ ጀምራ ሰዎችን አንድ በአንድ እያስጠናች ለምዝገባ ትወስድ ነበር። ኪንግ ወደ ሰልማ ከመምጣቱ 30 ዓመት በፊት ማለት ነው። ካሜራ አልነበረም፤ ያጨበጨበላትም የለም።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1965 በአቅራቢያዋ ባለችው ማሪዮን ከተማ በሌሊት ሰልፍ ላይ ጂሚ ሊ ጃክሰን የተባለ የ26 ዓመት ወጣት እናቱን ከዱላ ሊከላከል ሲል ጀምስ ፋውለር የሚባል የግዛቱ ፖሊስ በጥይት መታው። ከስምንት ቀን በኋላ ሞተ። ከሰልማ እስከ ሞንትጎመሪ በእግር እንሂድ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ሞት ነው። ማርች 7 ወደ 600 ሰው ድልድዩን ሲሻገር ፖሊሶች በዱላና በጋዝ ወረዱበት። አሚሊያ ቦይንተን ራሷን ስታ ወደቀች። በዚያ ምሽት አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ በኑረንበርግ ስለተደረገው የናዚዎች ፍርድ የሚተርክ ፊልም እያሳየ ነበር። ፊልሙን አቋርጦ የድልድዩን ዱላ አሳየ። ሚሊዮኖች አዩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉዞው እንደገና ሲጀመር ራቢ አብርሃም ዮሹዋ ሄሼል ከኪንግ ጋር በፊተኛው ረድፍ ተሰልፈው ነበር። ኦገስት 6 የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል። የጂሚ ሊ ጃክሰን ጉዳይ ግን አላለቀም። በ1965 ፋውለርን የከሰሰው የለም። ክስ የተመሠረተበት በ2007 ነው። በ2010 ጥፋቱን አምኖ የስድስት ወር እስር ተፈረደበት። 45 ዓመት ማለት ነው! ሕጉ በወራት ውስጥ መጣ፤ የሟቹ ፍርድ የአንድ ሰው ዕድሜ ፈጀ። ሕጉም ቢሆን ለዘላለም አልጸናም። በጁን 2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከዚያችው ከአላባማ በመጣ ክስ፣ ከሕጉ ዋና ዋና ክፍሎች አንዱን ሻረው።

ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው? ከድልድዩ በፊት 30 ዓመት የሠራች ሴት ነበረች። ከድልድዩ በኋላም 45 ዓመት ፋይሉን ያልረሱ ሰዎች ነበሩ። ድልድዩ በመካከል ያለ አንድ ቀን ነው።

53 ምክሮች

ወደ አገራችን እንመለስ። ከ2015ቱ ሰልፍ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በ2016 በጋ 53 ምክሮችን የያዘ ሪፖርት አቀረበ፤ መንግሥትም ተቀበለው። ከሌሎቹ ኮሚቴዎች የሚለየው ዘረኝነት መኖሩን መንግሥት በራሱ ወረቀት ላይ በስሙ መጥራቱ ነው። ፖሊስ በልብሱ ላይ ካሜራ እንዲያደርግ፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያው የቴይዘር አጠቃቀም እንዲገደብ፣ በቀላል ነገር የተከሰሱ ወጣቶች መዝገብ የሚሰረዝበት መንገድ እንዲፈለግ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል እንዲቋቋም መከረ። ክፍሉ ተቋቋመ። ኃላፊ ሆኖ የተሾመውም ከእኛው ወገን የሆነው የሕግ ባለሙያ አወቀ ኮቢ ዜና ነው።

ቴይዘሩን ስናነሣ ዮሴፍ ሰላምሳን እናስታውሳለን። በ2014 ፖሊስ በዚያ መሣሪያ መታው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞቶ ተገኘ። ስሙ እንዳይረሳ ያደረገው ቤተሰቡ ነው።

ሪፖርቱ ከቀረበ ወር ገደማ እንደሆነው፣ በኦገስት 2016 መጨረሻ፣ የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼህ በሕግ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ስለ እኛ ተጠየቁ። ስደተኞችና ልጆቻቸው በወንጀል የበለጠ እንደሚገኙ ጥናት ስለሚያሳይ ፖሊስ ከሌላው ይልቅ እነሱን ቢጠረጥር ተፈጥሯዊ ነው ብለው መለሱ። በኋላ ማስተባበያ ሰጡ። ቃሉ ግን ከአፍ ወጥቷል። በአንድ በኩል የመንግሥት ወረቀት፣ በሌላ በኩል የአዛዡ አፍ። ልጃችንን ምሽት ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ የትኛውን ይሰማል?

መልሱ በ2019 መጣ። በጃንዋሪ ባት ያም ላይ የአእምሮ ጭንቀት የነበረበት ይሁዳ ቢያድጋ በፖሊስ ጥይት ሞተ። ጁን 30 ቂርያት ሃይም ላይ ሰሎሞን ተካ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። በአገሩ ሁሉ መንገድ ተዘጋ፣ ጎማና መኪና ተቃጠለ፣ ከመቶ በላይ ሰው ታሰረ። ፖሊሱ የተከሰሰው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ነው። በዚያው ዓመት ኤሚ ፓልሞርም ከዋና ዳይሬክተርነት ተነሡ። ሰው ይነሣል፣ ሚኒስትር ይቀየራል። ሪፖርቱ ግን ተጽፏል፤ የሚጠይቅበት ሰው እስካለ ድረስ ይሠራል።

ለዚህ ማስረጃ አለን። ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው፣ ስሙንም ከአማርኛችን የወሰደው «ጠበቃ» የተባለው የሕግ ድርጅት፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ ስለ መታወቂያ ጥያቄ ለባጋጽ አቤቱታ አቀረበ። በጃንዋሪ 2021 ፍርድ ቤቱ ፖሊስ በቂ ጥርጣሬ ሳይኖረው ሰውን አስቁሞ መታወቂያ እንዲጠይቅና እንዲያጣራ የሚፈቅደው የአሠራር ደንብ ሕጋዊ መሠረት የለውም ብሎ ወሰነ። ያ «ቴዑዳት ዜሁት አምጣ» የሚለው ቃል፣ ሁሉ ነገር የሚጀምርበት፣ ፍርድ ቤት ፊት ቆመ። ይህን ያደረገው በቪዲዮ የሚታይ ሰልፍ አይደለም። ወረቀት የያዙ፣ ቀጠሮ የጠበቁ ሰዎች ናቸው። ግን እንዋሽ እንዴ? ልጆቹ ጎዳና ባይወጡ ኖሮ ያን ወረቀት የሚያነበው አይገኝም ነበር። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

በቤታችን ያለው ቲክ

አሁን ከታሪኩ ወደ ቤታችን እንግባ። በሥራችን በብዛት የምናየው ጉዳይ ጥይትም ቪዲዮም የለበትም። ቲክ ነው፣ የፖሊስ ፋይል። ልጁ በ16 ዓመቱ ከፖሊስ ጋር ተጨቃጨቀ፤ ተጠየቀ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተዘጋ» ብሎ ረሳው። ከዓመታት በኋላ ለጥበቃ ሥራ ወይም ለመንግሥት ቦታ ሲያመለክት በሩ ሳይነገረው ይዘጋበታል። ቲኩ ገና ክፍት ከሆነ ደግሞ የሠራዊት ቀጠሮው ይዘገይበታል።

ወላጆች ልብ በሉልን፤ መዘጋት ሁሉ አንድ አይደለም። «ሖሴር ረአዮት» ተብሎ የተዘጋ፣ ማለትም ማስረጃ አልተገኘም የተባለ፣ በፖሊስ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። «ሖሴር አሽማ» ተብሎ የተዘጋ፣ ማለትም ጥፋት የለበትም የተባለ፣ ከመዝገቡ ይሰረዛል። ልዩነቱ አንድ ቃል ነው፤ በልጁ ሕይወት ላይ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የተዘጋበት ምክንያት እንዲለወጥ ማመልከት ይቻላል። የተፈረደባቸውም ቢሆኑ፣ ከፓልሞር ሪፖርት በኋላ ፕሬዚዳንቱና የፍትሕ ሚኒስትሯ በቀላል ጥፋት የተከሰሱና እስር ያልተፈረደባቸው ወጣቶቻችን መዝገባቸው እንዲሰረዝ እንዲያመለክቱ ጠርተዋል። ይህ በር የተከፈተው በሰልፍ ነው። ስንቶቻችን ገባንበት?

ብዙ ቤተሰብ አይገባም። ምክንያቱም ስንፍና አይደለም። አንዱ እፍረት ነው፤ «የልጄ ስም በፖሊስ ቤት አለ» ማለት በእኛ ዘንድ ከባድ ነው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ይባላል። ሁለተኛው ቋንቋው ነው፤ ደብዳቤው በከባድ ዕብራይስጥ ይመጣና ፍሪጅ ላይ ይሰነብታል። ሦስተኛው ተስፋ መቁረጥ ነው፤ «ለእኛ ምን ይሠራልናል» ይባላል። በመናፈሻ የተመታ ልጅ በማሐሽ፣ በፖሊሶች መርማሪ ክፍል፣ ከማመልከት ይልቅ ዝም ይላል። ያላመለከተ ሰው በመዝገብ የለም፤ በመዝገብ የሌለ ደግሞ ለሚቀጥለው ኮሚቴ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል።

ስለዚህ ልጃችሁ ሲጠራ ብቻውን አይሂድ። ከመናገሩ በፊት የሳኔጎሪያ ጺቡሪት ጠበቃ ያማክር። የሆነውን በዚያው ምሽት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የፖሊሱን ስም ወይም ቁጥር ጨምራችሁ ጻፉ። በአማርኛም ይሁን፣ ብቻ ጻፉት። የመጣውን ደብዳቤ አትጣሉ። ያልገባችሁን ይዛችሁ ወደ እኛ ወይም ወደምታምኑት ሰው ኑ፤ ለዚህ የሚያፍር የለም።

ለወጣቶቻችንም አንድ ነገር እንበላችሁ። የመጀመሪያዎቹ እናንተ አይደላችሁም፤ ይህ ደግሞ ብርታት እንጂ ቅናሽ አይደለም። በዚህ ሰንበት አባታችሁን ወይም አያታችሁን በ1985 ራባኑቱ ደጅ ማን እንደተቀመጠ፣ በ1996 ማን እንደሄደ ጠይቁ። ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ከዚያም ጻፉት። እነዚያ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው። እነሱ ሲያልፉ ያልተጻፈው አብሮ ይቀበራል።

ሲግድ ላይ ተራራው ላይ ወጥተን ቄሶቻችን የሚያነቡልን የተጻፈውን ነው። ያ ጽሑፍ በስደት፣ በረሃብ፣ በጦርነት ሳይጠፋ እዚህ የደረሰው በየዘመኑ የጻፈውና የጠበቀው ሰው ስለነበር ነው። የሰልፎቻችንን ታሪክም፣ የልጆቻችንን ቲክም በዚያው ትጋት እንያዝ።

ሰላም ያክርመን፤ ለሟቾቻችን ዕረፍት፣ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናት ይስጥልን።